ሁለተኛው መብራት

ቁልፉን ያስረከብኩት ማክሰኞ ዕለት ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቅጹን ዘርግቶ አንድ በአንድ ጠራ፦ ወንበር፣ አንድ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ አንድ፣ የተበላሸ። የእጅ ባትሪ፣ ቀይ ላስቲክ የተለጠፈበት፣ አንድ።

«ቀዩ ላስቲክ ለምንድን ነው?» አለኝ።

ጨለማ የለመደ ዓይን ነጭ ብርሃን ካየ መልሶ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ቀይ ብርሃን ግን ያን ያህል አያውከውም ብዬ አስረዳሁት። ሰውዬው በትዕግሥት ሰማኝና «የተበላሸ» ብሎ ጻፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሠራሁበት ቤት የሰጠሁት የመጨረሻ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ይኸው ነው። የቀደሙት ከዚህ የተሻለ ሰሚ አግኝተዋል ለማለት አልደፍርም።

ቅጹ ላይ የኮከብ ዓምድ የለም። ቢኖር አርባ ሁለት ኮከቦች አስረክብ ነበር፤ አርባ አንዱን በደህና፣ አሥራ ሰባት ቁጥሩን ከነጥፋቴ። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ሙያዬን ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል። ሰበታ መጀመሪያ የተከራየሁባቸው ወይዘሮ «ኮከብ ነው የማጠናው» ስላቸው ስማቸውን ከእናታቸው ስም ጋር በወረቀት አጽፈው አቀበሉኝ። ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም ብላቸው ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉና «ታዲያ ኮከቡ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የምርምር ኮሚቴ ፊት ቀርቤያለሁ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

ሰዎች ኮከብ ያምራል ይላሉ። እኔ ያየሁት መስመር ነው። የኮከቡን ብርሃን በመሣሪያ እንደ ቀስተ ደመና ትዘረጋዋለህ፤ በቀለሞቹ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ታገኛለህ። በቅርብ አብረው ከተወለዱ ከዋክብት መንጋ ውስጥ ግን ጥቂቶቹ፣ ትኩሶቹና ሰማያዊዎቹ፣ ጥቁር መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ብሩህ ቀይ መስመር ያወጣሉ። የሃይድሮጅን መስመር ነው። እነዚህ ከዋክብት ሊበታተኑ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ይሽከረከራሉ፤ ከወገባቸው ጋዝ ይወረውራሉ፤ ጋዙ እንደ ሰፌድ ዙሪያቸውን ይዞራል፤ ያ ሰፌድ ነው የሚያበራው። መስመሩ በግራፍ ሲታይ ብዙ ጊዜ እንደ በሬ ሁለት ቀንድ አለው፤ የሰፌዱ አንዱ ወገን ወደኛ ሲመጣ ሌላው ይሸሻልና። ከዓመታት በኋላ ጋዙ ይበተንና መስመሩ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ለምን እንዲህ ይሽከረከራሉ? ከተመራማሪዎቹ አንዱ ወገን ሲፈጠሩም እንዲሁ ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ጎናቸው የማይታይ ጓደኛ አለ፣ ገላውን አፍስሶባቸው ነው ያፈጠናቸው ይላል። ጓደኛ ካለ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፤ መስመሩም አንድ ጊዜ ወደ ቀይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊ በጥቂቱ ይንሸራተታል። ሥራዬ ያችን ጥቂት መጠበቅ ነበር። ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልግም። ብቻን መቀመጥ መቻል ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም።

ከዚያ በፊት ሰበታ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ መምህርን በሚጨርሰው ጠመኔ ልክ የሚመዝን ርዕሰ መምህር ነበረን። ሦስት ዓመት ደግሞ አንድ የካርታ ሥራ ቢሮ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አለቃዬ ካርታ ላይ ያለውን መንገድ እንጂ መሬት ላይ ያለውን የማያምን ሰው ነበር፤ ትንቢተኛ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚያ ሱሉልታ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ጣቢያ ሰው ፈለገ። ደመወዙ የሚያጓጓ አልነበረም። ያጓጓኝ ማንም አለመኖሩ ነው።

አንድ ሰው ግን ነበሩ፤ ጋሽ ታደለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቡራዩ በሠሩት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ። ዶክትሬት አላቸው፤ ዶክተር ብሎ የጠራቸውን ግን «ምንህን አሞሃል?» ይሉታል። በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ስለ ኮከብ ሳይሆን ስለ ብረት ነው። የኮከቡን ብርሃን የሚዘረጋው መሣሪያ ከቴሌስኮፑ ጭራ የተንጠለጠለ ከባድ ሣጥን ነው። ቴሌስኮፑ ኮከቡን ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ሣጥኑ በገዛ ክብደቱ የፀጉር ውፍረት ያህል ይለመጣል።

«ብረትም ይደክመዋል» አሉኝ። «ሲደክመው መስመሮቹ ሁሉ ይንሸራተታሉ። አንተ ደግሞ ኮከቡ ሄደ ትላለህ።»

መድኃኒቱ መብራት ነው። ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የኒዮን መብራት አለች፤ መስመሮቿ የት የት እንደሚውሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ኮከቡን ፎቶ ከማንሣትህ በፊት የመብራቷን ብርሃን ታነሣለህ፣ መብራት መውሰድ የምንለው ይህን ነው፤ ኮከቡን ከጨረስክ በኋላ እንደገና መብራቷን ታነሣለህ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሣጥኑ ድካም ነው። እሱን ቀንሰህ የተረፈህ የኮከቡ ነው።

የመጀመሪያዋን መብራት ሁሉም ሰው ይወስዳል። ሁለተኛዋ ናት ሰው የምትፈትን። ኮከቡ ተገኝቷል፣ ብርዱ ጉልበት ውስጥ ገብቷል፣ እሷ ደግሞ አሥር ደቂቃ ትፈልጋለች፤ ብዙውን ጊዜም ከመጀመሪያዋ ያልተለየ ነገር ትናገራለች። ጋሽ ታደለ ባለ መስመር ደብተራቸው ላይ በማስመሪያ ሁለት ዓምድ ያሰምራሉ፤ አንዱ «ፊት»፣ አንዱ «ኋላ»። ደመና ገብቶ ኮከቡ መሐል ላይ ቢጠፋ እንኳ የኋላውን ይወስዳሉ።

«ለምኑ ነው ጋሽ ታደለ? ኮከቡ እኮ ጠፋ» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«እሱ ጠፋ። እኛ አለን አይደል?»

ሁለተኛዋ መብራት እየተነሣች ሳለ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጸጥ ይላሉ። ለወራት ይህን እንደ አንድ ዓይነት ጸሎት ቆጥሬው በአክብሮት አብሬያቸው ስቆም ኖርኩ። በመጨረሻ ጠየቅኋቸው።

«ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል» አሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው ሁሉ አንድ ሰፊ ደብተር የሚሞላ አይመስለኝም። ሠርግ አልተጠራራንም። እናቴ ስትሞት ሰበታ ድረስ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ አመሹ፤ ሲወጡ «ሐሙስ ሰማዩ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ የጠቀመኝ ያ ነው።

አሥራ ሰባት ቁጥር የእሳቸው ኮከብ ነበር። እኔ ከመምጣቴ ስምንት ዓመት ቀደም ብለው ጀምረው ሃያ ዓመት ተከትለውታል። ውጭ አገር ያሉት እንዲህ ያለ ኮከብ ሁሉ ጓደኛ አለው በሚሉበት ጊዜ እሳቸው ብቻ «በአሥራ ሰባት ላይ እስካሁን ጓደኛ አልታየበትም» እያሉ ይጽፉ ነበር። በዓለም ላይ ይህ ነገር የሚያሳስበው ሰባት ስምንት ሰው ይሆናል፤ ከእነሱ ዘንድ ጋሽ ታደለ በግትርነት የታወቁ ነበሩ። የድሮዎቹ ፋይሎች ያሉበት ዲስክ ተበላሽቶ ስለነበር የሃያ ዓመቱ ልኬት ያለው ደብተሮቻቸው ላይ ብቻ ነው። ጡረታ ሲወጡ ደብተሮቹን በሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ቡራዩ ገቡ። ኮከቡን ለእኔ ተዉልኝ።

ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ዕቅድ ወዳድ ነበር። «በሩብ ዓመቱ ስንት ኮከብ ይጠናቀቃል?» አለኝ። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። «ወደ ዘጠኝ እናሳድገው» አለ። አሳደግነው። ሰማዩ በዕቅዱ መሠረት አልጸዳም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ጸድቷል።

ያን ጊዜ ከሰው ጋር የማወራው መኪና ውስጥ ነው። ሾፌራችን ኦቦ ደጀኔ ኮረብታው ሥር ሱሉልታ የተወለዱ ሰው ናቸው፤ ማስተማሬን ስለሚያውቁ መምህር ይሉኛል። ስንወጣና ስንወርድ የከተማው መብራት ከታች ይታያል። በየዓመቱ ይሰፋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከማንም በፊት አውቅ ነበር። ኮከብ ስታነሣ ከጎኑ ያለው ባዶ ሰማይ አብሮ በቀጭን ክር ይነሣል። ባዶው ሰማይ ባዶ አይደለም፤ የመንገድ መብራቱ ሶዲየም፣ የሱቁ ማስታወቂያ ኒዮን ሁሉ መስመሩን ይጥልበታል። ያን ክር ከኮከቡ ላይ ቀንሰን እንጥለዋለን። እየጣልኩ ግን አየው ነበር፤ መስመሮቹ ከዓመት ዓመት ደመቁ። ማስተር ፕላኑ ወረቀት ላይ ከመውጣቱ በፊት እኔ ጋ ወጥቷል።

«ያችን ታያለህ?» አሉኝ ኦቦ ደጀኔ አንድ ማለዳ። «ሦስተኛዋን ቢጫ። የቆመችው የአባቴ ገብስ ላይ ነው።»

«አዝናለሁ ኦቦ ደጀኔ።»

«አንተ ምን አደረግህ? አንተማ መብራት ትጠላለህ።»

«በጣም።»

«እንግዲያው ወገን ነህ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ረጅም አልነበረም።

ከዚያ ማስተር ፕላኑ ተነሣ። ከተማዋ ዙሪያዋን ልትውጥ ነው ተባለ፤ ተማሪዎች ወጡ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ይደውሉልኝ ነበር። «መንገዱ እንዴት ነው?» ይሉኛል። የሰበታ መንገድ፣ የቡራዩ መንገድ፣ የሱሉልታ መንገድ። ስለ ሰዉ የጠየቀኝ አንድም ትዝ አይለኝም። እነሱን ለመውቀስ አፌን ስከፍት ግን እኔም የማስበው ስለ መንገዱ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጥፋቴም ከዚያው ይጀምራል።

ታኅሣሥ ነበር፤ በዓመቱ ንጹሕ የሆነው ሰማይ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሌሊት ብቻ መውጣት ቻልን፤ በሦስቱም ያነሣሁት አሥራ ሰባትን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ኮከቡን ጨርሼ ለሁለተኛዋ መብራት ስዘጋጅ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ደጀኔ ናቸው፣ ከታች ከመኪናው።

«መምህር፣ ውረድ። ጎሕ ሳይቀድ ካላለፍን ካራን ጩፋሜራ ነው የምንባለው።» መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

«አሥር ደቂቃ ብቻ።»

«አሥር ደቂቃህን ይዘህ እዚያው እደር። እኔ ልጆች አሉኝ።»

ወረድኩ። ደብተሩ ላይ «ኋላ» በሚለው ዓምድ ሰረዝ አደረግሁ፤ መኪናው ውስጥ ቆጨኝ። በሁለተኛው ሌሊት ሳይደውሉልኝ ወረድኩ። በሦስተኛው ሰረዙን ያሰመርኩት ኮከቡ ሳያልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ከሰበታ አልወጣሁም። ፋብሪካዎቹ ዘግተው ነበር፤ ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ የጎረቤቴ ውሻ እንኳ መጮህ ትቶ ነበር። ግራፎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ተቀመጥኩ። በሦስቱም ሌሊት ሁለቱ ቀንዶች ከቦታቸው ወደ ቀይ ሄደዋል፤ በትንሹ፣ ግን አብረው። አሥራ ሰባት እየተጎተተ ነበር። ጎኑ ሰው አለ።

ሰረዞቹ ትዝ አላሉኝም ብል ደስ ባለኝ። ትዝ ብለውኛል። የሣጥኑ መለመጥ ይህን ያህል አይሆንም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፤ ለራሴ ሳስረዳ የሚያቋርጠኝ ሰው አልነበረም። ብቻውን የሚኖር ሰው የማይታይ ጓደኛን ለማመን ይቸኩላል ብል የሚያምር ሰበብ ይሆንልኛል፤ ግማሹም እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ጋሽ ታደለን ማሸነፍ ስላማረኝ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ጽሑፉን ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። የሃያ ዓመት ልኬት የእሳቸው ነውና ስማቸው ከስሜ ጎን መግባት ነበረበት። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው አነበቡ። ሁለት ጊዜ መለሱና አነበቡ።

«መብራቱስ?» አሉኝ።

«ተወስዷል» አልኳቸው።

አልዋሸሁም፤ የፊቱ ተወስዷል። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው ፈረሙ።

ጽሑፉ ወጣ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሙያው ሰዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ጋሽ ታደለ ሳይጠሩ ተነሡ። ግማሹ ታዳሚ የእሳቸው ተማሪ ነበር። «ሃያ ዓመት ስለ አሥራ ሰባት ስናገር የሰማችሁኝ አላችሁ» አሉ። «ተሳስቼ ነበር። ያረመኝ ይኸ ልጅ ነው።» እኔ ያን ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰዉ አጨበጨበ፤ ለትሕትናቸው ነው። እኔም አጨበጨብኩ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም፤ አዳራሹ ሙሉ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሥራ አስኪያጁ የከተማው መብራት ምን ያህል እንደጨመረ ሪፖርት ጠየቀኝ። ሪፖርት ስጠየቅ አንድ ጠቃሚ ነገር የተገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የጣልኳቸውን የሰማይ ክሮች አንድ በአንድ አወጣሁ። የሶዲየሙን ቦታ፣ የኒዮኑን ቦታ በሠንጠረዥ አሰፈርኩ። ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። የሦስቱ ሌሊቶች ላይ ስደርስ ግን የሉም። አሉ፤ ነገር ግን ወደ ቀይ ሄደዋል። ልክ እንደ አሥራ ሰባት፤ ያንኑ ያህል።

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። የሱሉልታ የመንገድ መብራት በየሰከንዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ከእኔ እየሸሸ አልነበረም። እዚያው ቆሞ ነበር፤ ገብሱ ላይ። የተንቀሳቀሰው ሣጥኑ ነው። እኔ ያልወሰድኩትን ሁለተኛ መብራት ከተማው ወስዶልኝ፣ እኔም ቀንሼ ጥዬዋለሁ።

ለኦቦ ደጀኔ ነገርኳቸው፤ ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ሲገባቸው በመስኮቱ ወደ ሦስተኛዋ ቢጫ መብራት አዩ።

«እንኳን ለአንድ ሰው ጠቀመች» አሉ።

ያን ቀን ጥቅምት መግቢያ ነበር። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ለጋሽ ታደለ ለመንገር ከሰበታ ተነሥቶ ሦስት ታክሲ መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር። አልሄድኩም። የቡራዩ መንገድ አያስተማምንም አልኩ፤ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ፤ የተከፈተባቸው ግን ይበዛሉ። በስልክ አይነገርም አልኩ። መጀመሪያ ስሌቱን ላጣራ አልኩ፤ አራት ጊዜ አጣራሁት። የሄድኩት ለገና ዋዜማ ነው።

በር ላይ ጎረቤታቸው ጫልቱ ኦቾሎኒ እየቆላች ትሸጣለች። ሰላምታ ሰጥቻት አልፌ ገባሁ። ጋሽ ታደለ በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። አልቆየሁም፤ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሰረዞቹን፣ ሦስቱን ሌሊት፣ የሰማዩን ክር።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«ጋሽ ታደለ፣ የዚያን ዕለት መብራቱ ተወስዷል ስልዎት—»

«‹ሁለቱም› አላልክም። አስተውያለሁ።»

«አስተውለው ነው የፈረሙት?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁለቴ ጀምረው ሁለቴ ተዉት። «አሥራ ሁለት ዓመት አብረኸኝ ሠርተሃል። ቤቴ መጥተህ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠህ ‹ሁለቱንም ነው?› ብዬ ልጠይቅህ? ይሉኝታ ያዘኝ።»

መብራትን ሁለት ጊዜ ሳይጠይቅ የማያምን ሰው እኔን ሁለተኛ መጠየቅ አፈረ። በአዳራሽ ቆሞ ተሳስቻለሁ ማለት ለእሱ ከዚያ ቀሎታል። በዚህ አገር ስንት ነገር በዚህ መንገድ እንደተበላሸ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሰዓት ስለ አገር ለማሰብ መብት አልነበረኝም።

«አሥራ ሰባት ብቻውን ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ልክ ነበሩ።»

«ብቻውን ነው ብዬ ጽፌ አላውቅም» አሉ በቁጣ። የተቆጡት በዚህ ብቻ ነው። «እስካሁን አልታየበትም ነው ያልኩት። አንተ ያረጋገጥከው በሦስት ሌሊት አለመታየቱን ነው። ብቻውን መሆን እንዲህ በቀላሉ አይረጋገጥም።»

«እንግዲያው ደብተሮቹን ያውጡልኝና ከአዲሱ ጋር አብረን እናስላው። የሃያው ዓመት ከገባበት ማንም አይከራከርም።»

ወደ በሩ አዩ። «ደብተሮቹ የሉም። ስሕተት ምን ያደርግልኛል ብዬ ለጫልቱ ሰጠኋት። ለመጠቅለያ።»

«መቼ?»

«ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን።»

ለኅዳር ሚካኤል እኔ ካወቅኩ ስድስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አራተኛውን ማጣራት እያጣራሁ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም፤ መቼ እንዳወቅኩም አልጠየቁኝም። ሁለተኛ ጥያቄ ነዋ።

ወጥቼ ጫልቱን ወረቀቱን ጠየቅኋት።

«ጋሼ ናቸው የሰጡኝ» አለች ደንግጣ። «ደህና ወረቀት ነው፣ ዘይት አያሳልፍም። ገበያዬ ጨመረ እኮ።»

«የቀረ አለ?»

ከሣጥኗ ሥር ዘጠኝ ቅጠል አወጣች። «ይኸው ነው። አንተ ስትፈልገው አለቀ።»

«ልግዛሽ።»

«ባዶውን? ኦቾሎኒ ሳይኖረው?»

«ባዶውን።»

ወደ ውስጥ ጮኸች። «ጋሼ! እንግዳዎ ደህና ነው ወይ?» ከዚያ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠችና አንድ ጥቅል ኦቾሎኒ ጨመረችልኝ። «ውሰድ ወንድሜ፣ ለበዓል ነው።»

በረንዳው ላይ ከጋሽ ታደለ ጋር ኦቾሎኒውን በላን። ሲያልቅ ጥቅሉን ፈትቼ ዘረጋሁት። ጨው የበዛበት ገጽ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ዓምዶቹን ተከተሉ።

«ፊት፣ አለ። ኋላ፣ አለ» አሉ። ወረቀቱን አራግፈው መለሱልኝ። «ይኸን ጨምረህ ዐሥር በለው።»

እርማቱን ግማሽ ገጽ አድርጌ ላክሁ። የመጽሔቱ አርታኢዎች ትሑት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ የቀደሙት ሃያ ዓመታት ልኬቶች ይገኛሉ ወይ? ቡራዩ ውስጥ በብዙ ኪስ ተበትነው ተበልቶባቸዋል ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። «ጠፍተዋል» ብዬ ጻፍኩ። እንግዲያው ከዐሥር ገጽ ምንም ማለት አይቻልም አሉ፤ ልክ ናቸው። ጥያቄው ክፍት ነው።

ጋሽ ታደለ በሚቀጥለው ክረምት አረፉ፤ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ጫልቱ ብቻ ናት።

አሁን ሱሉልታ ከነመብራቱ ኮረብታው ወገብ ደርሷል። መሣሪያው ወደ ጨለማ አገር ይሄዳል ተባለ፤ አብሬው እንድሄድ ጠየቁኝ፣ እንቢ አልኩ። ሰበታ አንድ የብረት ፋብሪካ ከብረቱ የሚወጣውን ብልጭታ እንደ ኮከብ ብርሃን ዘርግቶ በመስመሮቹ ጥራቱን የሚለይ ሰው ይፈልጋል፤ ለቤቴ ቅርብ ነው። ወዳጆቼ ውድቀት ነው ይላሉ። ብረት እንደሚደክመው እኔ አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁም።

ከርክክቡ በፊት ባለው ሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣሁ። ኦቦ ደጀኔ ከታች መኪናው ውስጥ ይጠብቁኛል። መብራቷን አነሣሁ፤ አሥራ ሰባትን አነሣሁ። ሁለቱ ቀንዶች ቀንሰዋል፤ ሰፌዱ እየተበተነ ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ ከዋክብት የማይለይ ይሆናል። ጎኑ ማን እንዳለ አላውቅም። ስልኬ ጮኸ።

«ጨረስክ?»

«መብራቷ ቀረች ኦቦ ደጀኔ።»

«ታዲያ ውሰዳት እንጂ» አሉ። «መንገዱ ክፍት ነው።»

ቆሜ ወሰድኳት።